ተንሳፋፊ ጥላና የዓይን ብልጭታ

ተንሳፋፊ ጥላ በሕክምናው «ፍሎተርስ» ለሚባለው ነገር የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። በእይታ ውስጥ እንደ ነጥብ፣ እንደ ክር ወይም እንደ ሸረሪት ድር ይታያል፤ ዓይን ሲዞር ይከተላል፣ ዓይን ሲቆም ትንሽ ዘግይቶ ይረጋል። ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ይጎላል። የቆየ የላቲን ስሙ «በራሪ ዝንቦች» ማለት ነው፤ ይህ አጠራር ግን በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያሳስታል። በዚያ አካባቢ የዓይን በሽታ ሲነሳ ዝንብ የሚባለው ትራኮማን ከሰው ወደ ሰው የሚያዛምተው እውነተኛው ዝንብ ነውና። ተንሳፋፊው ጥላ እሽ ቢሉት አይሄድም፣ ፊት ቢታጠቡም አይጠራም።

ከዓይን ሌንስ በስተኋላ ያለው ክፍል 4 ሚሊ ሊትር ያህል ዝልግልግ ነገር ይዟል፤ ስሙ ቪትረስ ነው። ከ98 በመቶ በላይ ውሃ ሲሆን፣ ቅርጹን የሚይዙለት ኮላጅን የተባሉ ስስ ክሮች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ዝልግልጉ ይቀጥናል፣ ክሮቹም ይቋጠራሉ። ሰው የሚያየው ቋጠሮው ሬቲና በተባለው ብርሃን ተቀባይ የዓይን ስስ ሽፋን ላይ የሚጥለውን ጥላ ነው።

ቪትረስ ከሬቲና ሲላቀቅ ደግሞ ይጎትተዋል። ሬቲና ሕመም አያውቅም፤ ሲጎተት ለአንጎል የሚልከው የብርሃን ምልክት ብቻ ነው። በጨለማ ከዓይን ጥግ እንደ መብረቅ ብልጭ የሚለው ይኸው ነው። መላቀቁ በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ ይመጣል፤ የሩቁን አጥርቶ የማያይ፣ የዓይን ሞራ የተወገደለት ወይም እንጨት ሲፈልጥ ዓይኑን የተመታ ሰው ቀድሞ ሊያጋጥመው ይችላል። በማይግሬን የሚመጣው ብልጭታ የተለየ ነው፤ ዚግዛግ እየሠራ ባብዛኛው በሁለቱም ዓይን ታይቶ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጠፋል።

አብዛኛው ተንሳፋፊ ጥላ ጉዳት የለውም። ጥላው በድንገት ሲበዛ፣ ብልጭታው ሲደጋገም ወይም ከጎን ጥቁር መጋረጃ ሲወርድ ግን ሬቲና ተቀዶ ወይም ተገንጥሎ ሊሆን ይችላል። ትራኮማ ያጠፈው ሽፋሽፍት ስለሚወጋ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ይገፋዋል፤ የተቀደደ ሬቲና ግን ስለማያም ብዙ ጊዜ «ይቆይ» ይባላል። ቀዳዳው ገና ሳይሰፋ በጨረር ይታሸጋል፤ ከተገነጠለ ቀዶ ሕክምና ያሻል፣ የሬቲናው መሃል ከመነቀሉ በፊት መድረስም የዓይን ብርሃንን ያተርፋል። ምርመራው ብሌንን በጠብታ አስፍቶ ውስጡን ማየት ስለሚጠይቅ በዚያው አካባቢ ካሉት ከተሞች ከነፋስ መውጫም ሆነ ከወገዳ የሚነሳ በሽተኛ የዓይን ሐኪም ወዳለበት፣ ለምሳሌ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ሳይዘገይ መላክ አለበት።

ጉዳት የሌለውን ጥላ በጠብታ ማሟሟት አይቻልም። ቪትረስን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል፤ የዓይን ሞራን ስለሚያፋጥን ግን ሐኪሞች በቀላሉ አይመክሩትም።