ሙሉ ሰመመንና የአራሷ አእምሮ

በሙሉ ሰመመን ተኝታ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ስትነቃ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ ያለችበት ቦታና ሰዓቱ ይጠፋባታል፣ የነገሯትን ወዲያው ትረሳለች፣ ሐሳቧ አልሰበሰብ ይላታል። በወጣትና በጤነኛ እናት ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል፤ ድካምና ዝንጉነት ግን ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል።

ለቀዶ ሕክምና ወሊድ ቅድሚያ የሚሰጠው በጀርባ የሚወጋው ማደንዘዣ ነው፤ እናቲቱ ነቅታ የልጇን ልቅሶ ትሰማለች። ሙሉ ሰመመን የሚመጣው ደም አብዝቶ ሲፈስ ወይም አልረጋ ሲል፣ ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ራሷን ሲያስታት፣ የጀርባው መርፌ አልሠራ ሲል ወይም ጊዜ ሲታጣ ነው። ከደጋ ዳሞት ገጠር በቃሬዛ ወርዳ ፈረስ ቤት የደረሰች፣ ከዚያም ሪፈር ተጽፎላት ወደ ፍኖተ ሰላም ጠቅላላ ሆስፒታል የተላከች እናት ረጅም ምጥ አዳክሟት ወይም ደም ጎድሏት ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ ከነቃች በኋላ የሚታየውን መደናገር ሁሉ በሰመመኑ ማሳበብ ስህተት ነው፤ የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ሕመሙና የሕመም ማስታገሻው ጭምር ድርሻ አላቸው።

ከሰመመን መድኃኒቶች ለብቻው ሊነገርለት የሚገባው ኬታሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ይህ መድኃኒት እስትንፋስንና የደም ግፊትን እንደሌሎቹ ስለማያዳክም፣ የተወሳሰበ ማሽን በሌለበትም ስለሚያገለግል በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሰፊው ይሠራበታል። የሚያስከፍለው ዋጋ በመንቂያ ሰዓት ይታያል፦ ደማቅ ሕልም፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከገዛ አካል ወጥቶ የመንሳፈፍ ስሜት። አራስ ብቻዋን አትተውም በሚባልበት አገር እናቲቱ በዚህ ጊዜ የምትናገረው በቀላሉ ልክፍት ተብሎ ይተረጎማል። ጸጥ ያለ ክፍልና አነስተኛ ዲያዜፓም ነገሩን ያቀልላሉ። ከሁሉ በፊት ግን ሰመመን ሰጪው ለእናቲቱና ለአስታማሚዋ ምን ሊገጥማት እንደሚችል አስቀድሞ ቢነግራቸው ብዙ ፍርሃት ይቀራል፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ችላ ሊባልም አይገባም።

ተቃራኒው ችግር ሰመመኑ ሳስቶ በቀዶ ሕክምናው መካከል መንቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያና በአየርላንድ የወጣ ሰፊ ጥናት በሙሉ ሰመመን ከሚወልዱ 670 እናቶች አንዷ እንደሚገጥማት ገምቷል። እንዲህ ያለች እናት «ሰምቻለሁ» ስትል ሊያምኗት ይገባል፤ ትዝታው ለረጅም ጊዜ ሊያስጨንቃት ይችላልና።

ለወራት የሚዘልቅ የማስታወስ መቀነስ በዋነኛነት የተመዘገበው በአረጋውያን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑት ታካሚዎች ሩብ ያህሉን ከቀዶ ሕክምናው ሳምንት በኋላ፣ አንድ አሥረኛውን ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ እንዲህ ሆነው አግኝቷቸዋል። ይህን አኃዝ በሃያዎቹ ዕድሜ ላለች እናት መለጠፍ አይቻልም።

መደናገሩ ከአንድ ቀን ካለፈ ወይም ከባሰ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ነው። ትኩሳት ኢንፌክሽንን፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና መንቀጥቀጥ ኤክላምፕሲያን ያመለክታሉ። ከሺህ ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዘው የአራስነት የአእምሮ ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በእንቅልፍ ማጣትና በእንግዳ እምነት ይጀምራል፤ አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። ጸበል የሚወስዳት ቤተሰብ መድኃኒቷን ሊያስቋርጣት አይገባም።

ስለ ሕፃኑ ለሚጠይቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአሜሪካዋ ሮቸስተር የወጣ ጥናት በሙሉ ሰመመን በቀዶ ሕክምና የተወለዱ ልጆች በማኅፀን ከተወለዱት የበለጠ ለትምህርት መቀበል ችግር እንዳልተጋለጡ አሳይቷል።