ደረትን የመክፈት ጥበብ፦ ከብሬስላው እስከ ሐርጌሳ

ጎኑን ይዞ የሚያቃስት ሰው ሕመም በአማርኛ «ውጋት» ይባላል። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ በውስጡ የሚይዘው ብዙ ነው። የሳንባ ምች፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ በሳንባና በጎድን አጥንት መካከል የተጠራቀመ መግል፣ አልፎ አልፎም ከውሻ የሚተላለፍ ትል የሠራው የውሃ ከረጢት ሊሆን ይችላል። አብዛኛው በመድኃኒት ይድናል፤ ጥቂቱ ግን ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ደረትን ከፍቶ ማከም ደግሞ ከቀዶ ሕክምና ዘርፎች ሁሉ ዘግይተው ከበሰሉት አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዘግየቱ ምክንያት አየር ነበር። ማደንዘዣ በ1846 በይፋ ከታየ በኋላ ሐኪሞች ሆድን ለመክፈት ደፈሩ፤ ደረትን ግን ፈሩ። ሳንባ ተወጥሮ የሚቆየው በእርሱና በደረት ግድግዳ መካከል ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ያነሰ በመሆኑ ነው። ደረት ሲከፈት የውጭው አየር ይገባል፤ ሳንባው እንደ ተነፈሰ ፊኛ ይኮማተራል፤ በሽተኛውም ታፍኖ ይሞታል።

ለዚህ እንቆቅልሽ የተገኘው የመጀመሪያው መልስ እጅግ ቀላል ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ጎትሃርድ ቢዩላው በ1875 ከበሽተኛው ደረት የወጣውን ቱቦ ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አጠለቀው። መግሉና አየሩ በውሃው በኩል ይወጣሉ፤ ውሃው ግን አየር ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላል። በ1904 ደግሞ በብሬስላው ከተማ ፈርዲናንድ ዛወርብሩክ የበሽተኛውን አካል ግፊቱ ዝቅ ባለ ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ ራሱን ግን ከክፍሉ ውጭ አድርጎ ደረት መክፈት እንደሚቻል አሳየ። ብዙም ሳይቆይ በትንፋሽ ቧንቧ በኩል አየር የመንፋት ዘዴ መጣና ያ ግዙፍ ክፍል ሥራ ፈታ።

ቢሆንም ዕውቀት ብቻውን አላዳነም። በ1918 በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ብዙ ወታደሮች የሳንባ ምች ይዟቸው ደረታቸው መግል ሲቋጥር፣ ሐኪሞቹ እንደ ልማዳቸው ወዲያው ደረትን ይከፍቱ ነበር። ከታካሚዎቹ ከመቶ 30 ገደማ ይሞቱ ነበር። ኤቫርትስ ግርሃም የነበረበት የሐኪሞች ቡድን፣ ፈሳሹ ገና ቀጭን ሳለ ደረትን መክፈት ሳንባውን እንደሚያኮማትር ተረድቶ ሕክምናው በዝግ ቱቦ እንዲጀመር አዘዘ። የሞቱ ቁጥርም ከመቶ ከ5 በታች ወረደ። ይኸው ግርሃም በ1933 ካንሰር የያዘውን አንድ ሙሉ ሳንባ አውጥቶ ሕመምተኛውን ለማዳን በቃ። ያ ታካሚ፣ ራሱም ሐኪም የነበረ፣ በ1957 በሳንባ ካንሰር ከሞተው ከግርሃም በላይ በሕይወት ኖሯል።

በዚያው ዘመን የደረት ቀዶ ሐኪም ዋነኛ ሥራ የሳንባ ነቀርሳ ነበር። የታመመው ሳንባ እንዲያርፍ ሲባል የጎድን አጥንቶች ይወጡ ነበር፤ በዚህም ብዙ ሰው ደረቱ ጎድጉዶ ቀርቷል። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ከተገኘና ሌሎች መድኃኒቶች ከተከተሉት በኋላ ይህ ቀዶ ሕክምና እየቀረ ሄደ። በሀብታሞቹ አገሮች የተጻፉ መጻሕፍትም የነቀርሳን ቀዶ ሕክምና «ብርቅ» በሚለው ምዕራፍ አስቀመጡት።

በአፍሪካ ቀንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዘግይቶ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ታካሚ ሳንባው በወፍራም ቅርፊት ታስሮ ይገኛል፤ ያንን ቅርፊት መላጥ የሰዓታት ሥራ ነው። ከነቀርሳ በተረፈ ጎድጓዳ ውስጥ ሻጋታ አድጎ ደም የሚያስተፋቸውም አሉ። በጎችን፣ ፍየሎችንና ግመሎችን በሚያረባ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ የውሻ ትል የሚያስከትለው የውሃ ከረጢት አለ። ውሻው የታረደውን እንስሳ የታመመ ሳንባ ይበላል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው እጅና ምግብ ይደርሳል። ከረጢቱ በሳንባ ውስጥ ብርቱካን አክሎ ሊያድግ ይችላል። በሚወጣበት ጊዜ ቢፈስ ድንገተኛ የሰውነት ቁጣ ስለሚያስነሣና አዲስ ከረጢት ስለሚዘራ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዙሪያውን በጨው ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይከብበዋል። በኢትዮጵያም በኦሞ ሸለቆ አርብቶ አደሮች መካከል በሽታው በብዛት መኖሩ ተመዝግቧል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሕመሙ ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ ሆኖ የኖረው ቀዶ ሐኪሙ ነው።

ለምን ብርቅ ሆነ የሚለውን የሐርጌሳ ታሪክ በከፊል ይመልሳል። የከተማዋ ትልቁ ሆስፒታል የተሠራው በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን በ1953 ነው። በ1980ዎቹ መግቢያ መምህራን፣ ሐኪሞችና ሌሎች ወጣት ባለሙያዎች ተሰባስበው የተጎሳቆለውን ሆስፒታል በራሳቸው ጉልበትና መዋጮ ማጽዳትና ማደስ ጀመሩ። «ኡፎ» በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ሰዎች በሲያድ ባሬ መንግሥት በ1981 ታሰሩ። በየካቲት 1982 ለፍርድ ሲቀርቡ ተማሪዎች በቁጣ አደባባይ ወጡ። ከታሳሪዎቹ አንዱ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር አደን አቦኮር ሲሆኑ፣ የተፈቱት በ1989 ነበር። እርሳቸው በእስር ላይ ሳሉ ግንቦት 31 ቀን 1988 ጦርነቱ ሐርጌሳ ገባ። «31 ሜይ» የተባለው የከተማዋ ወረዳ ይህንኑ ቀን በስሙ ተሸክሟል። ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ነዋሪዋም ድንበር ተሻግሮ ወደ ሐርትሼክ ተሰደደ። በጦር ሜዳ ሕክምና ልምድ ደረታቸው ከቆሰለ ሰዎች መካከል ደርሶ የሚታከመው አብዛኛው ቱቦና ጠርሙስ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ቱቦውን የሚያስገባው እጅ መኖር አለበት።

ያ እጅ እንደገና መሠልጠን የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በቦራማ የሚገኘው አሙድ ዩኒቨርሲቲ በ2000 የሕክምና ትምህርት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ከሶማሌላንድ ጋር ትብብር መሠረተ። የመጀመሪያዎቹ የአሙድ ሐኪሞች በ2007 ተመረቁ። ከባዱ የደረት ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ረጅም መንገድ ያስመታል፤ ከሐርጌሳ በቶግ ውጫሌ፣ በጅግጅጋና በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ ይደርሳል። ለቀን ሠራተኛ ይህ ጉዞ ገቢውን የሚበላ ነው። በመንገድ የሚባክነው ጊዜም ቀጭኑን ፈሳሽ ወፍራም ቅርፊት ያደርገዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ወደ ሩቅ ከተማ ከሚያስጉዘው ቀዶ ሕክምና ብዙው ቀድሞ በቅርብ ሊመከት ይችል ነበር፤ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሳል በመመርመር፣ የነቀርሳን መድኃኒት ሳያቋርጡ በመጨረስ፣ የታረደ እንስሳ የታመመ ሳንባና ጉበት ለውሻ ከመጣል ይልቅ በመቅበር፣ በየአውራጃው ሆስፒታልም ቱቦ ማስገባት የሚችል ሐኪም በማኖር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። ከቢዩላው ዘመን ጀምሮ ያ የውሃ ጠርሙስ አልተወደደም፤ የሚጎድለው በጊዜው የሚያቀርበው ነው።