አነስተኛ የግል የአፈር ግድብ

አነስተኛ የግል የአፈር ግድብ ገበሬ፣ የእርሻ ድርጅት፣ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት በይዞታው ላይ አፈር ጠቅጥቆ የሚሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ለመስኖ፣ ለከብት መጠጥ፣ ለዓሣ እርባታ ወይም ለመዝናኛ ይውላል። ዓለም አቀፉ የትላልቅ ግድቦች ኮሚሽን 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ያለውን፣ እንዲሁም ከ5 እስከ 15 ሜትር ከፍ ብሎ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን ግድብ ትልቅ ይለዋል፤ ከዚህ የሚያንሰው አነስተኛ ነው። ስያሜው ግን ስለ አደጋው የሚናገረው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በኬንያ ናኩሩ አውራጃ፣ ሶላይ በተባለ ቦታ፣ በአንድ የግል እርሻ ውስጥ የነበረ ግድብ ሌሊት ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አደጋን የሚወስነው ከግድቡ በታች የሚኖረው ሰው ነው። በዩናይትድ ስቴትስ አሠራር ምንም እንከን የሌለበት ግድብ እንኳ፣ ቢደረመስ ሰው የሚገድል ከሆነ፣ ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ጋር ይመደባል። ግድቡ ሲሠራ የግጦሽ ሜዳ የነበረው ቦታ ከዓመታት በኋላ መንደር ከሆነ ምድቡም አብሮ ይለወጣል።

ሥራው ከመሠረቱ ይጀምራል። ሣሩ፣ ሥሩና ለም አፈሩ ተጠርጎ ይነሣል፤ ከዚያ በግድቡ ርዝመት ልክ ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር እስኪገኝ ቦይ ተቆፍሮ በሸክላማ አፈር ይሞላል። ይህ ከተዘለለ ውሃው ከግድቡ ሥር መንገዱን ያበጃል። በትግራይና በአማራ ክልሎች ለመስኖ ከተሠሩት አነስተኛ ግድቦች፣ የግል ባይሆኑም፣ ብዙዎቹ የታሰበላቸውን ያህል መሬት ሳያጠጡ የቀሩት በመሠረት ስርገትና በደለል ነው።

ሁሉም ሸክላ ለግድብ አይሆንም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን በግድቡ ገጽ ላይ አይተውም። ለግድብ የሚሻለው ሸክላ፣ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር ነው። እርጥበቱ በሜዳ ላይ በእጅ ይፈተናል፦ ጭብጥ አፈር በመዳፍ መካከል እየተሽከረከረ የእርሳስ ያህል ሲቀጥን ከተፈረፈረ ደርቋል፣ መዳፍ ላይ ከተለጠፈ ውሃ በዝቶበታል። አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈ ባለ ጥርስ ሮለር ይጠቀጥቀዋል። በገልባጭ መኪና አፍስሶ በዶዘር መግፋት ጥቅጠቃ አይደለም፤ እንዲህ የተሠራ ግድብ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ቢመስልም ውስጡ ልል ነው። የውሃው ወገን ተዳፋት ብዙውን ጊዜ ለ1 ሜትር ከፍታ 3 ሜትር ያህል አግድም ይሰጠዋል፤ የደረቁ ወገን ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ይበቃዋል። አናቱ ከ3 ሜትር ባይጠብ ይመረጣል፤ አፈሩ ዓመት በዓመት ስለሚሰጥም ሲሠራ ከታሰበው ከፍታ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨመርበታል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻው ነው። ኮንክሪት ውሃ በአናቱ ቢያልፍ ለጊዜው ይችለዋል፤ አፈር ግን ተሸርሽሮ በሰዓታት ውስጥ ይበጠሳል። ስለዚህ ማስተንፈሻው ከግድቡ ጎን፣ ባልተነካ መሬት ላይ ተቆፍሮ፣ ለአዘቦት ዝናብ ሳይሆን በብዙ ዓመት አንዴ ለሚመጣው ጎርፍ ይሰፋል። የታወቀው ምሳሌ በፔንሲልቬንያ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ነው። 22 ሜትር ከፍታ ስላለው ከአነስተኞቹ ባይቆጠርም፣ ያፈረሱት ስህተቶች በትንንሾቹም ዘወትር የሚደገሙ ናቸው። ቀደም ሲል ከሥሩ ውሃ የሚያስወጡት የብረት ቱቦዎች ተነቅለው ነበር፤ በኋላ የያዘው የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብ ቱቦዎቹን አልመለሰም። ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱ ዝቅ ተደረገ፤ ዓሣ እንዳያመልጥ ማስተንፈሻው በወንፊት ታጠረ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው በአናቱ ሞልቶ ፈሰሰ፣ ግድቡም ተበጠሰ፤ በጆንስታውን ከተማና በዙሪያዋ 2,209 ሰዎች አለቁ።

ሁለተኛው አጥፊ ከውስጥ የሚቦረቡር ውሃ ነው። የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ያሰርጋል፤ የሚያሰጋው ውሃው አፈር ይዞ ሲወጣ ነው። ለዚህ መከላከያው በደረቁ ወገን ግርጌ የሚቀበር የአሸዋና የጠጠር ማጣሪያ ነው፤ ውሃውን አሳልፎ አፈሩን ያስቀራል። በጣም ደካማው ቦታ ቱቦ ግድቡን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ነው፤ ከቱቦው ሆድ ሥር ያለውን አፈር መጠቅጠቅ አዳጋች ነውና። ድሮ ቱቦውን በኮንክሪት አንገትጌ ማጠር የተለመደ ነበር፤ አንገትጌው ራሱ ጥቅጠቃውን ስለሚያውክ ዛሬ የሚመረጠው ቱቦውን በማጣሪያ አሸዋ መክበብ ነው።

ክትትሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በግርጌው የሚወጣው ውሃ በባልዲና በሰዓት ይለካል፣ ቀለሙም ይታያል። ውሃው ጥርት ብሎ መጠኑ ካልጨመረ አያሰጋም፤ ከደፈረሰ ግን ያለ መዘግየት ባለሙያ ይጠራል። ዛፍ ግድብ ላይ አይበቅልም፤ ሥሩ ሲበሰብስ የውሃ መተላለፊያ ይተዋል። የጃርት፣ የፍልፈልና የምስጥ ጉድጓድም እንደዚሁ ነው። የፈሰሰበትን ቀዳዳ ከደረቁ ወገን በሸክላ መድፈን ግፊቱን ወደ ውስጥ ስለሚመልሰው ይጎዳል፤ ትክክለኛው እርምጃ ቦታውን በአሸዋና በጠጠር ሸፍኖ የሐይቁን ውሃ በቱቦ ወይም በፓምፕ ማጉደል ነው። ይህም ቢሆን ቀስ ብሎ ይሁን፤ ውሃው በድንገት ከቀነሰ የረጠበው የውሃው ወገን ይንሸራተታል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከታች ያሉት ሰዎች ይነገራቸዋል።

በሕግ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። በእንግሊዝ አንድ የወፍጮ ባለቤት ያሠራው ማጠራቀሚያ የጎረቤቱን የከሰል ማዕድን በማጥለቅለቁ፣ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1868 በሰጠው ፍርድ ባለቤቱ ራሱ ባያጠፋም ካሣ እንዲከፍል ወስኗል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ ግድብን በስም ባይጠራም፣ በአንቀጽ 2069 የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለተለየ አደጋ ያጋለጠ ሰው ያለ ጥፋቱም ተጠያቂ ያደርገዋል። በዩናይትድ ስቴትስ ጆርጂያ ግዛት፣ በቶኮዋ፣ የአንድ ኮሌጅ ንብረት የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1977 ተደርምሶ 39 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ካርተር የፌዴራል ያልሆኑ አደገኛ ግድቦች እንዲመረመሩ አዘዙ፤ ጆርጂያም በዓመቱ የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች። ባለቤቱ አደገኛ የሆነ ግድቡን ማደስ ካልቻለ፣ ውሃውን አጉድሎ በባለሙያ ንድፍ መሠረት ግድቡን እስከ ጅረቱ ወለል ድረስ በሰፊው ይከፍተዋል፤ ደለሉ ታችኛውን ወንዝ እንዳይሞላም አስቀድሞ ይጠረጋል ወይም በሣር ይያዛል።