ከአንድ የጋራ ገመድ ወደ ተደራራቢ ስዊች

በአማርኛ «ስዊች» ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ቢሆንም፣ በድርጅቶች የኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራው መሣሪያ ይበልጥ የሚመስለው የመሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያን ነው፤ የመጣውን መልእክት ተቀብሎ፣ ለማን እንደተላከ ለይቶ፣ ወደዚያው መስመር ብቻ ያሳልፈዋልና። ዛሬ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድሮ እንደ አንድ መሣሪያ የሚታዘዘው ስዊች ወደዚህ መልኩ የደረሰው በአንድ ፈጠራ ሳይሆን፣ አንዱ መፍትሔ የወለደውን ችግር ሌላው እየፈታ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል በፈጀ ሂደት ነው።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሮበርት ሜትካፍ ኤተርኔት ብሎ የሰየመው፣ ከዴቪድ ቦግስ ጋርም የሠራው የመገናኛ ዘዴ ነው። ሐሳቡ አሎሃ ከተባለው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የሬዲዮ ኔትወርክ የተቀዳ ሲሆን፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው፣ መላክ የፈለገው አስቀድሞ ያዳምጣል፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከላኩና መልእክታቸው ከተጋጨም ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ቆይተው እንደገና ይሞክራሉ። በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት የነበረው የመጀመሪያው ፍጥነት ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ በ1980 በጋራ ባወጡት ደረጃ ወደ 10 ሜጋቢት ቢያድግም፣ ያ ፍጥነት በገመዱ ላይ ያሉት ሁሉ የሚካፈሉት እንጂ ለእያንዳንዱ የተሰጠ ስላልነበረ፣ ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይመነምን ነበር።

ገመዱን መክፈል ግድ ሲሆን በ1980ዎቹ አጋማሽ ብሪጅ የተባለው መሣሪያ መጣ። ብሪጅ በሁለት ገመዶች መካከል ተቀምጦ የእያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም የላኪና የተቀባይ አድራሻ የተጻፈበትን የመረጃ እሽግ፣ ላኪ እያነበበ ማን በየትኛው ወገን እንዳለ ይመዘግባል፤ ተቀባዩ ከላኪው ጋር በአንድ ወገን ከሆነ ፍሬሙን አያሳልፍም፣ የማያውቀው ከሆነ ግን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል። የዛሬው ስዊች ሁሉ የሚኖረው ማንም ሳያስተምረው በሚሞላው በዚህ መዝገብ ነው። ነገር ግን ለመጠባበቂያ ተብሎ በሁለት ብሪጆች መካከል ሁለተኛ መስመር ሲዘረጋ የተበተነው ፍሬም መንገዱ ስለማያልቅ ያለማቋረጥ ይዞራል፤ ፍሬም እንደ ኢንተርኔት ፓኬት የሚያልቅ ዕድሜ አልተጻፈለትምና ኔትወርኩ በደቂቃ ውስጥ ይታፈናል። ለዚህ መላ ያበጀችው በዲጂታል ኩባንያ ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ስትሆን፣ በ1985 የቀመረችው ስፓኒንግ ትሪ ብሪጆቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ግንድ አድርገው እንዲመርጡና ወደ ግንዱ የሚመልሱትን ትርፍ መስመሮች እንዲዘጉ ያደርጋል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ዞሮ ከግንዱ ጋር እንደማይገጥም ሁሉ። ዘዴው በ1990 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፦ ገንዘብ የወጣበት መስመር ተዘግቶ ይቀመጣል፣ ዋናው ሲበጠስም ተተኪው እስኪከፈት ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይጠበቃል።

በዚያው በ1990 ካልፓና የተባለ ኩባንያ ሰባት መስመር ያለው ስዊች ለገበያ አቀረበ፤ በመሠረቱ ብዙ በር ያለው ፈጣን ብሪጅ ነበር፤ ኩባንያውንም በ1994 ሲስኮ ገዛው። የሚተዳደር ስዊች ከማይተዳደረው የሚለየው የመሣሪያውን ሁኔታ ከሩቅ ለመጠየቅና ለማዘዝ በ1988 በወጣው ኤስኤንኤምፒ በተባለው ደንብ መነጋገር በመቻሉ ነበር። በ1998 የወጣው የቪላን ደረጃ ደግሞ አንዱን ስዊች ብዙ የማይገናኙ ኔትወርኮች አስመስሎ ለመክፈል አስቻለ፤ የሒሳብ ክፍሉና የእንግዳ መቀበያው በአንድ ሣጥን ላይ ተሰክተው ሳይተያዩ ይሠራሉ፣ ቁጥሩ በ12 ቢት ስለሚጻፍም እስከ 4094 ቪላን መለየት ይቻላል።

እንግዲህ መከፋፈሉ በዛ፤ የአንድ ስዊች መስመሮች ግን ውስን ናቸው። ሠራተኛ የጨመረ ድርጅት ወይ ገና ከጅምሩ ትልቅና ውድ ባለብዙ ክፍል መሣሪያ ይገዛል፣ ወይ ትናንሽ ስዊቾችን በገመድ ያያይዝና እያንዳንዱን በየራሱ አድራሻ ያስተዳድራል። ከሁለቱ የተሻለው መንገድ በ2003 ከሲስኮ ካታሊስት 3750 ጋር በጉልህ ታየ፤ እስከ ዘጠኝ ስዊቾች በጀርባቸው ባለ ልዩ ገመድ ቀለበት ሠርተው በሰከንድ 32 ጊጋቢት ይለዋወጣሉ፣ ከ1 እስከ 15 በሚሰጣቸው የቅድሚያ ቁጥር አለቃ ይመርጣሉ፣ በአንድ አድራሻም ይታዘዛሉ። አለቃው ሲሞት ሌላው ይተካል፤ ከሁለት የተለያዩ ሣጥኖች የወጡ ገመዶችም እንደ አንድ መስመር ስለሚታሰሩ ስፓኒንግ ትሪ ይዘጋው የነበረው መስመር ሥራ ላይ ይውላል፤ የመደራረብ ትልቁ ትርፍም ይኸው ይመስላል። ቀለበቱ በአንድ ቦታ ቢበጠስ አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ በሁለት ቦታ ቢበጠስ ግን ቁልሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንድ አድራሻ የሚጠሩ ሁለት አለቆች ይነሣሉ።

ኤተርኔት፣ ስፓኒንግ ትሪና ቪላን ለሁሉም አምራች የጋራ ደረጃ ሲወጣላቸው፣ መደራረብ ግን እንዲህ ያለ ደረጃ አላገኘም፤ በዚህም ምክንያት የአንዱ ኩባንያ ስዊች በሌላው ቁልል ውስጥ አይገባም።