ጽሑፍን በዲስክ ማሻገር፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ

ጎጃም ጽሑፍን ከቦታ ወደ ቦታ በማሻገር የቆየ ልማድ ያለው አገር ነው። የዲማ ጊዮርጊስና የዋሸራ ተማሪ ቅኔውን በቃሉ ይዞ፣ ጸሐፊውም ብራናውን ገልብጦ ሲዞር ኖሯል። በኮምፒውተር ዘመን ይኸው ሥራ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ወደቀ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ የተጻፈ ፋይል በደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፈት ቢፈለግ፣ ዲስኩ የዓባይን በረሃ በመኪና መሻገር ነበረበት።

የዓባይን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ላይቀበለው ይችላል እንጂ፣ ከባዱ ነገር መንገዱ አልነበረም። አምስት ከሩብ ኢንች ስፋት ያለው የተለመደው ዲስክ የሚይዘው 360 ኪሎባይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ባለ 1.2 ሜጋባይት መሣሪያ ይህንኑ ዲስክ ያነባል፤ ሆኖም የሚጽፈው መሥመር ጠባብ በመሆኑ፣ በእርሱ የተጻፈውን አሮጌው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ማንበብ ይሳነዋል። አዲሱ ከአሮጌው ይቀበላል፤ ለአሮጌው ግን በደኅና አይሰጥም።

ከዚህ የከፋው የፊደል ነገር ነው። ባለ ስምንት ቢት ኮድ ከ256 የበለጡ ምልክቶችን አይይዝም። 33ቱ ፊደላት በየ7 ድምፃቸው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎች፣ አኃዞችና የላቲን ፊደላት ሲታከሉ ቦታው አይበቃም። ከዚህም የተነሣ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራሞች ቦታውን በየራሳቸው መንገድ ደለደሉ። ፋይሉ ሳይጎድል ቢደርስም ያው ፕሮግራም ከሌለ አይነበብም ነበር። የብራና ገልባጭ ስሕተት በንባብ ይታረማል፤ ይህኛው ግን ለሊቅም አይገለጥም። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በዲስክ ተጽፈው የቀሩ የፈተናና የትምህርት ጽሑፎችን ለማንበብ ዛሬም የዲስክ ማንበቢያው፣ ከእርሱም ጋር የቀድሞው ፎንት ወይም የኮዱ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።