የኤች ፒ ቪ ክትባትና የማህጸን በር ሕመም በስኮትላንድ ወጣት ሴቶች

የማህጸን በር ካንሰርን የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) ነው። ከዝርያዎቹ ቁጥር 16 እና 18 ብቻ ለ70 በመቶው ያህል መነሻ ናቸው። ስኮትላንድ እነዚህን ሁለቱን የሚከላከል ክትባት እ.ኤ.አ. በ2008 ለ12 እና ለ13 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መስጠት ጀመረች፤ እስከ 18 ዓመት የሚደርሱትም በማካካሻ ዘመቻ ተከተቡ።

የክትባቱ ውጤት ቶሎ የታየው የማህጸን በር ምርመራ ያን ጊዜ በ20 ዓመት ይጀመር ስለነበር ነው። በ2019 የታተመ ጥናት የ138,692 ሴቶችን መዝገብ መረመረ። ክትባቱ ካልደረሳቸው የ1988 ተወላጆች ጋር ሲነጻጸር፣ በ1995 እና በ1996 ተወልደው በተከተቡት ላይ ከባዱ የቅድመ ካንሰር ለውጥ በ89 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ከ0.59 ወደ 0.06 በመቶ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለውጡ ሲገኝ የማህጸን በሩ ሥጋ ተቆርጦ ይወጣል፣ ይህም በኋላ ያለጊዜው የመውለድን አደጋ ሊጨምር ይችላል።

ዕድሜ ወሳኝ ነው። ክትባቱ በ12 እና በ13 ዓመት ሲሰጥ ከባዱን ለውጥ በ86 በመቶ ተከላክሏል፤ በ17 ዓመት ግን በ51 በመቶ ብቻ፤ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወጣምና። ያልተከተቡ እኩዮችም የቫይረሱ ስርጭት በመቀነሱ ተጠቅመዋል። በ2024 በወጣ ተከታይ ጥናት፣ በ12 ወይም በ13 ዓመታቸው ከተከተቡት መካከል የማህጸን በር ካንሰር የያዛት አንዲትም ሴት አልተገኘችም።

በኢትዮጵያ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ሌሎች የቫይረሱ ዝርያዎችም ካንሰር ስለሚያመጡ የተከተቡ ሴቶችም ምርመራውን ማድረግ አለባቸው።