ሚሌን ዝም ብላችሁ አትለፏት

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በጅቡቲ መስመር የተመላለሰ ሰው ሁሉ ሚሌን ያውቃታል። ምኗን ታውቃለህ ብትሉት ግን መልሱ አጭር ነው፦ ኬላው፣ የከባድ መኪናው ሰልፍ፣ ሙቀቱ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚመጣው መንገድና ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው። መስመሩን ረግጦት የማያውቅ ሰው እንኳ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚያ ሲጠጋ የሚሌን ስም በየዜናው ሰማ። ያኔም የተወራው ስለ መንገዱ ነበር። “ከመንገዱ ግራና ቀኝስ ምን አለ?” ሲባል “ምን ይኖራል፣ ባዶ በረሃ ነው” እንላለን።

ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህች “ባዶ” ስለምትባል ቃል ነው። የአፋር ምድር ባዶ ሆኖ አያውቅም። ባዶ ነው ብሎ የገባበት ሁሉ ወይ ራሱ ተጎድቷል፣ ወይ ሰው ጎድቷል። ለጉብኝት ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ታሪክ ይዛችሁ ብትሄዱ የምታዩት ነገር ይለወጣል።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እንጀምር። ከተማዋን ያሳደጋት በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው። አጠገቧ በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሳላው በሜዳው ላይ ሲሮጥ፣ ወንዙ ገደል ገብቶ ፏፏቴ ሲሆን፣ ከበስተጀርባ የፈንታሌ ተራራ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ በዘንባባ የተከበበው ፍልውሃ። አንድ ቀን ሙሉ ቢያሳልፉበት አይቆጭም። ግን ፓርኩ ሲከለል መሬቱ ሰው አልባ አልነበረም እኮ! ከረዩዎችና አፋሮች በበጋ ከብታቸውን የሚያሰማሩበት ነበር። በዱር እንስሳቱና በከብቱ መካከል ያለው የግጦሽ ውዝግብ እስከ ዛሬ ያላለቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወንዙን እንከተለው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የአውሮፓ ሰዎች ይህን ፍጻሜ ለማወቅ ብዙ ደክመዋል። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት በአውሳ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው ሐይቁ ድረስ የዘለቀው። ልብ በሉ፣ ፈቃድ ጠይቆ ነው። ከእሱ በፊት በ1875 እ.ኤ.አ. ለግብፅ ያደረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ጦር ይዞ በታጁራ በኩል ሲገባ አፋሮች አውሳ ላይ ደመሰሱት፤ እሱም እዚያው ሞተ። ካርታ ላይ ባዶ የተተወው ቦታ ሱልጣን፣ ጦርና ሕግ ያለው አገር ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ብዙም አይወራለትም። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የጥጥ እርሻ ተስፋፋ፤ ተንዳሆ ላይ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገባ። ለባለሀብቱና ለመንግሥት ጥሩ ገቢ ነበር፤ በአውሳም ሱልጣን አሊ ሚራህን ጨምሮ ጥጥ አልምተው የተጠቀሙ አሉ። ችግሩ የቱ ጋ ነው? አርብቶ አደር መሬቱን ዓመቱን ሙሉ አይቀመጥበትም። ዝናብ ሲዘንብ ርቆ ይሄዳል፤ በጋ ሲከር ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሲርቅ አይቶ “ባዶ ነው” ብሎ ያረሰበት ሰው የነጠቀው የክፉ ቀን ስንቁን ነው። በ1965ቱ ድርቅ አፋሩ ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዙ ሲወርድ ሜዳው ጥጥ ሆኖ ጠበቀው። በዚያ የወሎ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል የአፋር አርብቶ አደሮች ይገኙበታል። እልቂቱን ዝናብ ማጣት ብቻውን አላመጣውም።

በእነዚያው ዓመታት፣ ከሚሌ ብዙ ሳይርቅ፣ ሐዳር ላይ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ሞሪስ ታይብ የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ የአዋሽን ሸለቆ ሲያጠና የሐዳርን ኮረብቶች አገኘና ሌሎች ተመራማሪዎችን ይዞ ተመለሰ። ዶናልድ ዮሐንሰን ከተማሪው ከቶም ግሬይ ጋር ሆኖ የድንቅነሽን አጥንት ያየው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ እሑድ ነው።

ቀኑ አልመጣላችሁም? በዋዜማው፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ሌሊት፣ ደርግ ስልሳዎቹን ረሸነ። ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኰንን ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። እሑድ ጠዋት አዲስ አበባ በሬዲዮ መርዶ ስትሰማ፣ አፋር ምድር ላይ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጥንት ከአፈር ውስጥ ብቅ አለ። እኔ በዚህ ውስጥ ምልክት ወይም ትንቢት አልፈልግም፤ አጋጣሚ ነው። ግን የዚያ ሰሞን ኢትዮጵያን ታሪክ ከአዲስ አበባ ብቻ የሚያይ ሰው ግማሹን እንደሚያጣ በዚህ ይገባዋል።

ድንቅነሽም ብቻዋን አይደለችም። በጎና 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። በዲኪካ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ሰላም የተባለችውን የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን አገኘ። በለዲ ገራሩ በ2013 እ.ኤ.አ. ቻላቸው ሥዩም ያገኘው የመንጋጋ አጥንት ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። የሚሌን ስም በያዘው በወራንሶ ሚሌ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. በዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው ቡድን የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል አወጣ። የዚያን የራስ ቅል የመጀመሪያ ቁራጭ ያየው ማን ይመስላችኋል? የአካባቢው አፋር ነው። መሬቱን በእግሩ የሚያውቅ ሰው።

ሐዳር ስትደርሱ ግን ትልቅ ሕንጻ አትጠብቁ። የምታዩት ጎርፍ የቦረቦረው፣ ግራጫና ቡናማ የተነባበረበት ኮረብታ ነው። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በዚህ አፈር ምክንያት ነው። አጥንቶቹ ያሉት አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚየሙን እዩ፣ ከዚያ ሐዳርን። ጠጠር ግን አንሥታችሁ ኪሳችሁ እንዳትከቱ! ከቦታው የተነሣ ነገር ዕድሜውን የሚናገርለት አፈር የለውም።

ከሚሌ ወደ ሰመራ ስትቀጥሉ ከሎጊያ ብዙ ሳይርቅ የአላሎበዳ ፍልውሃ ሲፈላ ታያላችሁ። ወደ ቀኝ ብትታጠፉ አሳይታ ናት፤ የአውሳ ሱልጣኔት መቀመጫ፣ ከሰመራ በፊትም የክልሉ ዋና ከተማ የነበረች። ወደ ሰሜን ርቃችሁ ብትሄዱ ኤርታሌና ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ዳሎል አሉ። አያቶቻችን በገንዘብነት ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ጨው የሚቆረጠው እዚያ ነው። ያ መሬት ሕያው መሆኑን ደግሞ በ1998 ዓ.ም. መስከረም አይተናል፤ ዳባሁ አካባቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ መስመር ላይ ምድር በሳምንታት ውስጥ ተከፈለች። የማይንቀሳቀስ የሚመስለን ድንጋይ እንኳ በዚያ አገር ሥራ ላይ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ለመሄድ ያሰባችሁ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ጠዋት በማለዳ ተንቀሳቀሱ፤ ውሃ አብዝታችሁ ያዙ። ከአስፋልቱ ስትወጡ የአካባቢውን ሰው ሳትይዙ እንዳትሞክሩት። ይህን የምለው ለደኅንነታችሁ ብቻ አይደለም፤ ያለ እሱ የምታዩት ድንጋይ ብቻ ስለሚሆን ነው። ቴሲጀርም ፈቃድ ጠይቋል፣ እናንተም ብትጠይቁ አታንሱም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታ ሰጥቶ ብቻ አያልፍም። ይቀመጣል፤ የት ዝናብ እንደዘነበ፣ የት ሣር እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳየ ለጠያቂው ይነግራል፤ እሱም በተራው ይሰማል። ዳጉ ይባላል። ዳጉ ላይ የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው የምታስተላልፈው። ባዶ የምንለው በረሃ ከኛ ስልክ በፊት ወሬው እንዲህ ይደርስ ነበር።

ታዲያ በሚሌ መስመር የምትሠሩ፣ ያደጋችሁ፣ ያስተማራችሁ፣ መኪና የምታሽከረክሩ ሁሉ፣ በኮሜንት ዳጉ ስጡን። ከኬላው ወዲያ ምን አያችሁ?